ግልጽ ደብዳቤ ለህክምና መምህራን፦ የፕሮፌሰር ጃንግን ታሪክ ስትነግሩን የሂሳብ ክፍሉንም ጨምሩበት

ለተከበራችሁ የህክምና ትምህርት ቤት ዲኖች፣ መምህራንና ሲኒየር ሃኪሞች፣ በያላችሁበት

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሃኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም። ሆስፒታል ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ታካሚ ሲወጣ ደረሰኝ የምቆርጠው፣ ያልከፈለውን ደሞ "ሂሳብህን አልጨረስክም" ብዬ ከመስኮቱ የምመልሰው ሰውዬ ማለት ነው። እናንተ ስታድኑት መርቋችሁ ይወጣል፣ እኔጋ ሲደርስ ምን ብሎኝ እንደሚሄድ ባትሰሙት ይሻላል።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ኮሪያዊ የህክምና ፕሮፌሰር ነው። በምረቃ ንግግር ላይ ስትጠቅሱት ሰምቻለሁ፣ ለአዲስ ኢንተርኖች (ሆስፒታል ውስጥ እየሰሩ ለሚጨርሱ የህክምና ተማሪዎች) ስትነግሩትም እንደዛው። የምትናገሩት ታሪክ ሁሌ አንድ ነው፣ ገንዘብ ያጠረው ታካሚ ድኖ መውጣት ሲያቅተው ፕሮፌሰሩ "ማታ በጓሮ በር ውጣ፣ በሩን ክፍት አደርግልሃለሁ" አለውና ሰውየው ወደ ቤቱ ሄደ። ከዛ ጭብጨባ። ታሪኩ ኮሪያ ውስጥ በሰፊው የሚነገርና የታወቀ ነው፣ ውሸት ነው አላልኩም። ግን እኔ እዛ መስኮት ውስጥ የምቀመጥ ሰው ስሰማው የሚቀድመኝ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ጠዋት ላይ ሂሳቡን ማን ዘጋው? ሰውየውን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት በዚ ምክንያት ነው፣ ሳነበውም የምታቆሙት ገና ታሪኩ ሊጀምር ሲል መሆኑ ገባኝ።

ስሙ ጃንግ ጊ ርዮ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በ1911 ተወለደ፣ ዛሬ ሰሜን ኮሪያ በምንለው በኩል ዮንግቾን የምትባል ቦታ፣ አገሩ ያኔ በጃፓን እጅ ነበረች። ሴኡል በነበረው የህክምና ኮሌጅ ተማረና በ1932 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ሊገባ ሲል "ሃኪም ሳያዩ ለሚሞቱ ሰዎች እሰራለሁ" ብሎ ተስሎ ነበር ይባላል። እኛም ጋ እኮ ይሄን የማይሳል ተማሪ የለም፣ ሶስተኛ ዓመት ላይ ግን ስለቱ የት እንደሚገባ እናንተ ታውቃላችሁ። በዛው በ1932 ኪም ቦንግ ሱክ የምትባል ሴት አገባ። ቀዶ ህክምናውን በዘመኑ አለ በተባለው ሰርጀን በፔክ ኢን ጄ ስር ተማረ፣ በ1940 ደሞ ትርፍ አንጀት ላይ በሰራው ጥናት ከጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ።

እንግዲህ ይሄን የያዘ ሰው ሴኡል ላይ ወንበሩን አመቻችቶ መቀመጥ ይችል ነበር። እሱ ወደ ፒዮንግያንግ ሄደ፣ ሚሲዮኖች ወደመሰረቱት ሆስፒታል። በ1943 እዛው የጉበት እጢ ቆርጦ አወጣ፣ ኮሪያ ውስጥ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ጃፓን ተሸንፋ አገሩ ለሁለት ሲከፈል ሰሜን ቀረ፣ ከ1947 ጀምሮ በኪም ኢል ሱንግ ዩኒቨርሲቲ የህክምና ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ። አጥባቂ ክርስቲያን ነው፣ ቢላ ከማንሳቱ በፊት ይጸልያል፣ ይሄ ሁሉ በኮሚኒስት መንግስት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። እጁ ስለሚያስፈልጋቸው ዝም አሉት መሰለኝ።

ከዛ ጦርነቱ መጣ። በ1950 መጨረሻ፣ ዲሴምበር ላይ፣ ቻይና ገብታ የተባበሩት መንግስታት ጦር ከፒዮንግያንግ ሲያፈገፍግ ከተማው ሙሉ ወደ ደቡብ ተነቀለ። ጃንግ ስድስት ልጆች ነበሩት። በዛ ግርግር አብሮት መውጣት የቻለው ሁለተኛው ወንድ ልጁ ብቻ ነው። እናት አባቱ፣ ሚስቱ፣ አምስት ልጆቹ ሰሜን ቀሩ። ያኔ የወጣ ሰው ሁሉ ነገሩ ሲረግብ እመለሳለሁ ብሎ ነው የወጣው፣ ከዛ በኋላ ድንበሩ ተዘጋ፣ ሰውየው ሚስቱን እስኪሞት ድረስ በአይኑ አላያትም። ድጋሚም አላገባም።

ቡሳን ደረሰ። ቡሳን ያኔ የስደተኛ ከተማ ነው፣ ኮረብታው በሙሉ በካርቶንና በጣውላ ቤት ተሸፍኗል። የኛ ቃኘው የመጀመሪያው ሻለቃም በ1951 ሜይ ላይ የወረደው እዛው ቡሳን ወደብ ነው፣ ስለዚ አያቶቻችን ከመርከብ ሲወርዱ ያዩት ህዝብ ይሄው ነው። ሁለት ወር ቆይቶ ጃንግ ዮንግዶ በምትባለው ደሴት ላይ በድንኳን ነጻ ክሊኒክ ጀመረ። ወንጌል ሆስፒታል የሚባለው ከዚ ነው የተነሳው፣ ዛሬ ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። እስከ 1976 ድረስ 25 ዓመት ዳይሬክተሩ እሱ ነበር።

እዚ ጋ ነው የኔ ሙያ የሚገባው።

ሆስፒታሉ እያደገ ሲሄድ ነጻ ሆኖ መቀጠል አልቻለም፣ መድሃኒት ይገዛል፣ ሰራተኛ ደሞዝ ይፈልጋል፣ ስለዚ ማስከፈል ጀመሩ። ዳይሬክተሩ ግን ያው ሰው ነው። የታካሚው ችግር በሽታ ሳይሆን ረሃብ እንደሆነ ሲገባው ማዘዣ ወረቀት ላይ "ለዚህ ታካሚ የሁለት ዶሮ ዋጋ ይሰጠው" ብሎ ጽፎ ይፈርማል። እስቲ ያቺን ወረቀት እኔ ወንበር ላይ ሆናችሁ ተቀበሏት። በየትኛው አርዕስት ነው የምትመዘግቧት? መድሃኒት? ቀለብ? መስተንግዶ? ደሞዙን ሂሳብ ክፍል ድረስ መጥቶ ለድሃ ታካሚ ይከፍልና ሲያልቅበት የሚቀጥለውን ወር ደሞዙን ከወዲሁ ይበላዋል፣ ያም ሲያልቅ በቃ "ይውጣ" ማለት ነው። ለናንተ ይሄ ደግነት ነው፣ ለኔ ደግነትም ነው ጉድለትም ነው።

ሰራተኞቹም እንደኔ ሰው ናቸውና ተሰብስበው ወሰኑ፣ ከዛሬ ጀምሮ በነጻ ይታከም የሚለውን ዳይሬክተሩ ብቻውን አይወስንም፣ የየክፍሉ ሃላፊዎች ተሰብስበው ነው የሚወስኑት። ዳይሬክተሩን ስልጣን ቀሙት ማለት ነው። የጓሮው በር የመጣው ከዚ በኋላ ነው! ፕሮፌሰሩ በር የከፈተው ፊርማው እንዳይሰራ ስለተደረገ ነው። ይሄን ስትናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ከተናገራችሁም ሂሳብ ክፍሎቹ ጨካኝ ሆነው ነው የሚሳሉት፣ እኔ ግን ሰራተኞቹ ትክክል ነበሩ ነው የምለው፣ ደሞዝ ያልተከፈላት ነርስ ነገ አትመጣም፣ እሷ ካልመጣች ደሞ የጓሮ በር ተከፈተ ተዘጋ ለታካሚው ምኑም አይደለም።

የኛንም ልንገራችሁ። አንዴ ሶስት ኢንተርኖች መስኮቴ ላይ መጡ፣ ነጩን ጋውን እንደለበሱ፣ የአንድ ገበሬ ሲቲ ስካን ሊከፍሉ። ብሩን የሰበሰቡት በቀዶ ህክምና ጓንት ውስጥ ነው፣ አምስቱም ጣት በድፍን አስርና በሃምሳ ብር ኖት ተወጥሯል። አንደኛዋ ጓንቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ስታራግፈው ዱቄቱ ሳይቀር ፈሰሰ። ቆጠርን፣ አልሞላም። ከኋላ ወረፋ የያዙ ሴትዮ ከቀሚሳቸው ስር መሃረብ ፈትተው ጨመሩ፣ እኔም ጨመርኩ፣ ሞላ። ደስ ይላል። ግን ማታ ቤቴ ሄጄ ያሰብኩት ስለ ሚቀጥለው ታካሚ ነው፣ እሱም እኮ እዛው ወረፋ ላይ ቆሞ ያየን ነበር፣ ጓንት ይዞ የመጣለት ግን የለም። ይሄ እድል ነው እንጂ ህክምና አይደለም። ሌላ ቀን ደሞ አንድ ሲኒየር ሃኪም "በቃ እኔ ሃላፊነቱን እወስዳለሁ፣ ልቀቀው" ብለው ታካሚ ያስለቅቁኛል፣ ኦዲተር ሲመጣ ሃላፊነቱን የወሰዱት ሰውዬ ኮንፈረንስ ላይ ናቸው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የኔ ስም ነው። (ተቀየምኳቸው እንዳትሉ፣ ጥሩ ሰው ናቸው።)

ጃንግን ከሌላው ደግ ሃኪም የሚለየው ይሄ ነገር እንደማያዋጣ ስለገባው ነው። በ1968 ሰማያዊ መስቀል የሚባል የህክምና መድን ህብረት ስራ ማህበር ቡሳን ላይ አቋቋመ። ሃሳቡ የመጣው አብረውት መጽሐፍ ቅዱስ ከሚያጠኑ ሰዎች መሃል ነው፣ ቼ ግዩ ቾል የሚባል ዴንማርክ ተምሮ የመጣ ሰው እዛ አገር ሰው እንዴት በመድን እንደሚታከም ነገራቸው፣ ፕሮፌሰሩም ይሄንን እንስራው አለ። መዋጮው በወር 60 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ነው፣ ያኔ ከአንድ ፓኮ ሲጋራ ዋጋ ያነሰ። መፈክራቸው "ጤነኛ ሳለን ጎረቤት እንርዳ፣ ስንታመም እንረዳ" የሚል ነበር። ለኛ ሰው ይሄን ማስረዳት አይከብድም፣ እድር በሉት፣ ሳትሞት የሚደርስልህ እድር።

መንግስትስ የት ነበር? የህክምና መድን አዋጅ ኮሪያ ውስጥ በ1963 ወጥቶ ነበር፣ ግን በፈቃደኝነት ስለሆነ ብዙም ሳይሰራ ወረቀት ላይ ቀረ። የትልልቅ ድርጅት ሰራተኞች ግዴታ የሆነባቸው በ1977 ነው። ስለዚ ሰማያዊ መስቀል ከመንግስት በ9 ዓመት ቀድሞ፣ ያውም ደሞዝተኛ ሳይሆን ማንም ያልደረሰለትን የመንደር ሰው ይዞ ነው የጀመረው። በጥቂት መቶ ሰው ተጀመረ። እናንተ የማታውቁት እኔ ግን የማውቀው ችግር አለ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲከፈት መጀመሪያ የሚመዘገበው የታመመው ነው፣ ጤነኛው "ምን አገባኝ" ይላል፣ ካዝናውም ገና ሳይሞላ ይጎድላል። አባል ሲበዛ ብቻ ነው የሚቆመው። በቀጣዩ ዓመት ከአንድ የስዊድን የህጻናት እርዳታ ድርጅት ጋር ሲጣመሩ ነው አባላቱ በርከት ያሉት። በ1975 የራሳቸውን ሆስፒታል ከፈቱ። በ1979 ጃንግ የማግሳይሳይ ሽልማትን በህዝብ አገልግሎት ዘርፍ አገኘ፣ የእስያ ኖቤል የሚሉት ማለት ነው። በ1989 ኮሪያ የጤና መድኑን ለመላው ህዝብ ስታዳርስ ሰማያዊ መስቀል ከ200 ሺህ በላይ አባላት ነበሩት፣ እና በዛው ዓመት ስራችን አልቋል ብለው ማህበሩን ዘጉት። እኔ እንደ ሂሳብ ሰራተኛ ከጓሮው በር ይልቅ ይሄ ነው ያስለቀሰኝ። አገራችን ውስጥ ስራዬ አልቋል ብሎ ራሱን የዘጋ ድርጅት ካያችሁ ጥሩኝ።

ደሞ ይሄን ሁሉ ሲያደርግ ቢላውን ጥሎ እንዳይመስላችሁ። ሴኡል ናሽናል ዩኒቨርሲቲም ቡሳን ናሽናል ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሯል። በ1959 በጉበት ካንሰር የተያዘ ሰው ላይ የጉበቱን ትልቅ ክፍል ቆርጦ በማውጣት ተሳካለት፣ ኮሪያ ውስጥ ለዚህም ቀዳሚ ነው፣ የኮሪያ የጉበት ሃኪሞች ኦክቶበር 20ን የጉበት ቀን ብለው የሚያከብሩትም ከዚሁ ስራው ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚ "ወይ ሪሰርች ወይ ማህበረሰብ" የምትሉትን ነገር እኔ አይገባኝም። ፕሮሞሽን ስትሰጡ ፓብሊኬሽን ትቆጥራላችሁ፣ እሺ ቁጠሩ፣ ሰውየው በናንተው ሚዛንም ያልፋል።

የግል ህይወቱን በተመለከተ ግን እንደናንተ አድናቆት ብቻ አልችልም። የራሱ ቤት አልነበረውም። የሚኖረው ሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ በተሰራለት ክፍል ነበር፣ የስኳር በሽታም ነበረበት። አብሮት የመጣው ልጁ አድጎ እሱም የህክምና ፕሮፌሰር ሆነ፣ አናቶሚ አስተማሪ። አባትየው የሁሉም አባት በሆነበት ቤት፣ እናት ከድንበር ማዶ ሆና ማደግ ምን እንደሚመስል ልጁን ብጠይቀው ደስ ባለኝ። ድጋሚ አግባ እያሉ የወተወቱት ሁሉ አልቀናቸውም፣ ሚስቴ በህይወት አለች፣ ትጠብቀኛለች የሚል ሰው ነበር።

በ1985 ሰሜንና ደቡብ ተስማምተው ጥቂት የተለያዩ ቤተሰቦች እንዲገናኙ ሲደረግ ለእሱ በልዩ ሁኔታ ወደ ፒዮንግያንግ ሂድ የሚል እድል መጣለት። እምቢ አለ። ስንት ሚሊዮን ሰው ቤተሰቡን ሳያይ እያለ እኔ በታዋቂነቴ ቀድሜ አልሄድም አለ። እዚ ጋ እናንተ "ምን አይነት ሰው ነው!" ትላላችሁ፣ እኔ ደሞ ሚስትየዋን ነው የማስበው። ወረፋ አልጥስም ያለው እሱ ነው፣ ወረፋው ላይ ግን እሷም አለችበት፣ እሷን የጠየቃት ሰው የለም። እኔ ብሆን እሄድ ነበር፣ በእግሬም ቢሆን። ግን ይሄንንም ስል ከሰውየው ሂሳብ ጋር እንደሚሄድ አይጠፋኝም፣ ለአንድ ሰው በር ከፍቶ ለሌላው መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ በስራው ያየ ሰው ነው፣ በራሱ ላይ ሲመጣም ደንቡን አላጠፈም። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ አሜሪካ ባሉ ዘመዶች በኩል የሚስቱ ደብዳቤና ፎቶ ደረሰው። ያ ብቻ ነው። በ1995 ዲሴምበር 25 በገና ቀን አረፈ። በ2000 በተደረገው የቤተሰብ መገናኘት ልጁ ፒዮንግያንግ ሄዶ እናቱን በአካል አገኛት፣ አባትየው ከሞተ አምስት ዓመት ሊሆነው ሲል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ፣ ብዙ አስለፈለፋችሁኝ።

እኛም አገር እኮ ተጀምሯል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የሰፋው፣ ዛሬ መስኮቴ ላይ ካርዱን ይዞ ሰው የማይመጣበት ቀን የለም። የጃንግ ህልም እጃችን ላይ ነው ማለት ነው። ግን የናንተ ተማሪ ስለሱ ምን ያውቃል? የመድን ካርድ የያዘ ታካሚ ፊቱ ተቀምጦ ከሆስፒታሉ ዝርዝር ውጪ የሆነ መድሃኒት በብራንድ ስሙ ይጽፍለታል፣ ታካሚው ፋርማሲ ይሄዳል የለም ይባላል፣ ከውጭ በኪሱ ይገዛል፣ ከዛ "መድን ምን ዋጋ አለው" ብሎ በሚቀጥለው ዓመት አያሳድስም። ወይ ደሞ ሪፈር ሳያጽፍ ቀጥታ ሆስፒታል ይመጣል፣ ካርዱ አይሰራም እለዋለሁ፣ ይጣላኛል፣ ጤና ጣቢያ ያለ አንድ ሃኪም በሁለት ደቂቃ ሊያስረዳው ይችል ነበር። አንድ ሺህ የጓሮ በር ቢከፈት ይሄን አይተካውም። ኢንተርኑ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ያቺኑ በጓንት ብር የሰበሰበችዋን ልጅ ነው የምላችሁ፣ አምስት ዓመት ስትማር ታካሚ እንዴት እንደሚከፍል አንድ ሰዓት የነገራት መምህር ስለሌለ ነው።

ስለዚ የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። የምረቃ ንግግር ላይ ጃንግን ስትጠሩት ሰማያዊ መስቀልንም ጥሩት፣ የ60 ዎኑን ነገር ንገሯቸው። መድን እንዴት እንደሚሰራ፣ ምን እንደሚሸፍን፣ ሃኪሙ የሚጽፋት እያንዳንዷ መስመር ካዝናው ላይ ምን እንደምታደርግ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ ካሪኩለሙ ውስጥ አስገቡ። ወረዳ ወርዶ የመድን ስራ ያገዘ መምህር ካለ ደሞ ለፕሮሞሽኑ ቁጠሩለት፣ ጆርናል ላይ ስላልወጣ ብቻ እንዳልሰራ አታድርጉት።

ይሄ ሁሉ ስብሰባ ይፈልጋል፣ ሴኔት ይፈልጋል፣ አውቃለሁ። ስብሰባ የማይፈልገውን እኔ ልስጣችሁ። ከኢንተርኖቻችሁ አንድ አንድ ለአንድ ሳምንት ሂሳብ ክፍል ላኩልኝ። የሚቀመጡበት ወንበር አለ፣ ሻይም አለ። ወረፋው የሚበዛው ከምሳ በፊት ስለሆነ ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ሳይጀመር በጠዋት ይምጡ፣ ጋውናቸውን ግን አውልቀው፣ አለበለዚያ ታካሚው ሁሉ የላብ ውጤቱን ይዞ እነሱ ላይ ነው የሚሰለፈው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሆስፒታል ገንዘብ ያዥ